ደሞዜን በ10 በመቶ አስቀንሼ ከቤት ልሥራ? ሂሳቡን አብራችሁኝ እዩልኝ

ፀሐይ መውጫ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የምሠራው የደንበኞች መረጃ በሚጣራበት ክፍል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። አሁን መሥሪያ ቤታችን የቢሮውን ግማሽ ሊለቅ ስለሆነ ምርጫ ሰጥቶናል። ወይ እንደ ድሮው በየቀኑ ቢሮ እየገባን በደሞዛችን እንቀጥላለን። ወይ ሙሉ በሙሉ ከቤት እንሠራለን፤ ያኔ ግን መነሻ ደሞዛችን በ10 በመቶ ይቀንሳል። መልስ የሚፈለገው በዚህ ወር ውስጥ ነው።

የኔን ሁኔታ ልንገራችሁ። ከቤቴ እስከ ቢሮ 45 ደቂቃ ይፈጅብኛል። መመለሻውም ያው ነው። አውቶቡስ ይዤ ከዚያ ባቡር እቀይራለሁ። ትራንስፖርት ብቻውን እጄ ከሚገባው ደሞዝ 8 በመቶውን ይወስዳል። ውጭ የምበላው፣ የሥራ ልብስና ጫማ፣ ቢሮ ውስጥ ለዚህም ለዚያም የሚዋጣው ሲደመር ሌላ 4 በመቶ ይሆናል። በድምሩ 12። የሚቀነስብኝ 10። ስለዚህ 2 በመቶ አተርፋለሁ።

ጓደኞቼ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ፈርሚ!» ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ደሞዝ ማስቀነስ እንዲህ በቀላሉ የሚደረግ ነገር አይደለም። እዚህ የደረስኩት በስንት ልፋት ነው።

የምኖረው ከእህቴ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ነው። እሷ የማታ ፈረቃ ስላላት ቀን ትተኛለች። ጠረጴዛ የማስገባበት ቦታ ያለኝ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ አጠገብ ብቻ ነው። ላፕቶፑን መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል። ኢንተርኔት አለን፤ ነገር ግን ስብሰባ ላይ ምስሌ ይቆራረጣል።

ያልቆጠርኩት ምን አለ? በተለይ ከቤት መሥራት የቆያችሁ፣ ሂሳቡ እንዳሰባችሁት ሆኖ አገኛችሁት?


ቆጣሪ አንባቢ፦

እህቴ፣ ኤሌክትሪክ ሙያዬ ስለሆነ በሱ ልጀምር።

ሰው ከቤት ልሥራ ሲል የመብራት ክፍያ ያስፈራዋል። የሚፈራው ደግሞ ኮምፒውተሩን ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያን ያህል አይበላም። ላፕቶፕ 50 ዋት፣ ተጨማሪ ስክሪን 25፣ የኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 85 ዋት ነው። በ8 ሰዓት 0.68 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። 22 የሥራ ቀን ባለው ወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። የመጨረሻ የመብራት ደረሰኝሽን አውጪና የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ15 አባዢው። ብዙም አያስደነግጥሽም።

የሚያስደነግጠው ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ነው። 1500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከ8ቱ የሥራ ሰዓት ግማሹን ብቻ ቢሠራ እንኳን በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። በወር 132። ከኮምፒውተሩና ከአምፖሉ ድምር ወደ 9 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብሽ «ክፍሌ ቀን ላይ ምን ያህል ይሞቃል፣ ምን ያህልስ ይበርዳል?» ብለሽ ነው። ቀን ቤት ውለሽ ስለማታውቂ አሁን መልሱ የለሽም። በዕረፍት ቀንሽ ከጠዋት ጀምረሽ ጠረጴዛው በሚገባበት ቦታ ተቀምጠሽ እዪው።

ሌላም ልብ በዪ። በብዙ ቦታ ታሪፉ በእርከን ነው። ፍጆታሽ ከፍ ሲል ከእርከኑ በላይ ያለው በውድ ዋጋ ይታሰባል። የምትጨምሪውን ኪሎዋት ሰዓት ማባዛት ያለብሽ በምትወጪበት እርከን ዋጋ ነው እንጂ በአማካዩ አይደለም።

ስለ ኢንተርኔቱ ትልቅ ፓኬጅ ለመግዛት አትቸኩዪ። ስብሰባ ላይ ያንቺ ምስል የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ መቀበያው ሳይሆን መላኪያው ሲደክም ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተሽ ሞክሪ። ችግሩ ዋይፋዩ ከሆነ በአንድ ኬብል ያልቃል። ካልሆነ ግን አገልግሎት ሰጪሽን «የመላኪያው ፍጥነት ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው መቀበያው ነውና። በመጠን የምትከፍዪ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ 1 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል ብለሽ አስቢ።


ጡረተኛው ሂሳብ ሹም፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን የሰው ደሞዝ ሳሰላ የኖርኩ ነኝና የደሞዝ ወረቀትን ከከፋዩ ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። ትንሽ እረዝማለሁ፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ፣ ያስቀመጥሻቸው መቶኛዎች እርስ በርስ አይነጻጸሩም። 10 በመቶው የሚቀነሰው ካልተጣራው ደሞዝ ነው። 8 እና 4 ያልሻቸው ግን ከተጣራው ናቸው። ግብር በእርከን በሚከፈልበት ቦታ ደሞዝ ሲቀነስ የሚነሳው የላይኛው ክፍል ነው። ከፍተኛው ግብር የሚቆረጠውም ከሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከእጅሽ የሚጎድለው ከ10 በመቶ ያንሳል።

ያልተጣራ ደሞዝሽ 100 ነው እንበል። 22 ተቆርጦ 78 እጅሽ ይገባል። የላይኛው እርከንሽ 30 በመቶ ከሆነ፣ ደሞዙ ወደ 90 ሲወርድ ከኪስሽ የሚጎድለው 7 ነው። 78 የነበረው 71 ይሆናል። ይህ ከተጣራው 9 በመቶ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያነሳኋቸው፤ አንቺ የራስሽን ከደሞዝ ወረቀትሽ አውጥተሽ አስገቢ።

እስካሁን ደስ ይላል። አሁን አዲሱን ወጪ አስገቢበት። ኢንተርኔት፣ ወንድማችን የነገረሽ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፣ ወገብ የማይጎዳ ወንበር። ቤት መብላትም በነጻ አይደለም። ሁሉንም በ2 በመቶ ብንገምተው ከ12ቱ 10 ይቀርሻል። የሚጎድልሽ 9። ትርፍሽ 1 በመቶ ነው። ይህም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የደሞዝ ጭማሪ በመቶኛ ነው የሚሰላው። በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨመርልሽ፣ ዛሬ 10 የሆነው ልዩነት ከ5 ዓመት በኋላ 12.8 ይሆናል። ከ10 ዓመት በኋላ 16.3። «ትራንስፖርትም እኮ ይጨምራል» ትይኝ ይሆናል፤ ልክ ነሽ። ነገር ግን ቁጠባሽ በብዙ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነገ ለቢሮው ቅርብ የሆነ ቤት ብታገኚ ቁጠባ የምትይው ነገር የለም። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ «ሁላችሁም ተመለሱ» ቢል የለም። የደሞዙ ቅነሳ ግን የተንጠለጠለበት ነገር የለም። ውሉ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል።

ከመነሻ ደሞዝ ጋር የታሰረውን ሁሉ ደግሞ ቁጠሪ። የጡረታ መዋጮ አለ። አሠሪው የሚያዋጣልሽ ድርሻ እጅሽ ከሚገባው ላይ ስለማይታይ ሰው ይረሳዋል። ያንቺ ገንዘብ ነው፤ እሱም አብሮ ይቀንሳል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ በገንዘብ የሚለወጥ የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ፣ በሕመምና በወሊድ ፈቃድ ጊዜ የሚከፈለው በአብዛኛው የሚሰሉት በዚሁ ደሞዝ ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥ የሚያየውም እሱን ነው። ሥራ ብትቀይሪ አዲሱ አሠሪ «አሁን ስንት ይከፈልሻል?» ብሎ ከዚያ ይነሳል። ይህን ሁሉ ስትደምሪ ያ 1 በመቶ ትርፍ የት ይደርሳል?

አትፈርሚ እያልኩሽ አይደለም። የሚቀነስበትን መንገድ አስቀይሪ ነው የምልሽ። አሠሪሽ ከዚህ ነገር እያተረፈ ነው። የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ጽዳት፣ ጥበቃ ይቀርለታል። ያንን ያስቻለው ያንቺ መኝታ ቤት ነው። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አይደለም የምትደራደሪው። ሄደሽ መነሻ ደሞዜ አይነካብኝ በዪ። የትራንስፖርት አበል ካለሽ እሱ ይቅር። አበል ከሌለሽና መቀነሱ የግድ ከሆነ ደግሞ ቅነሳው ለብቻው በሌላ መስመር ይጻፍ። ከቤት በምሠራበት ጊዜ ብቻ የሚቆረጥ፣ ወደ ቢሮ በተመለስኩበት ቀን የሚቀር ይባል። ይህን ሐረግ አትተዪው። በቃል የተባለ ነገር አለቃው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

ላፕቶፑ ቢበላሽ ማነው የሚያሠራው? ስክሪንና ወንበርስ? የኢንተርኔት ክፍያ ማካካሻ አለ? እነዚህም በጽሑፍ ይሁኑ። የቤት ዕቃ መድን ካላችሁ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።


የመንትዮች እናት፦

ጋሼ የጻፉት በሙሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ሰዓቱ ልጨምር፤ እስካሁን ማንም አላነሳውም።

በቀን 90 ደቂቃ መንገድ ላይ ነሽ። በ22 የሥራ ቀን 33 ሰዓት ነው። የሥራ ሰዓትሽ በወር 176 ቢሆን ለመሥሪያ ቤቱ የምትሰጪው 209 ሰዓት ነው እንጂ 176 አይደለም። 100 ደሞዝ ለ209 ሲካፈል 0.478 ይመጣል። 90 ደሞዝ ለ176 ሲካፈል 0.511 ነው። ደሞዝሽ ተቀንሶም እንኳን የአንድ ሰዓትሽ ዋጋ በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ገና ሳንነካ!

ይህን የምልሽ ለማባበል አይደለም። ሰዓት ኪራይ አይከፍልም። ግን ከቤት ለሚሠራ ሰው ትልቁ ትርፍ እሱ ስለሆነ ምን ላይ እንደምታውዪው ሳትወስኚ አትግቢበት። ሦስቱ ተመራማሪዎች ባሬሮ፣ ብሉምና ዴቪስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ27 አገሮች ያጠኑት አለ። ከቤት የሚሠራ ሰው በአማካይ በቀን 72 ደቂቃ ያተርፋል። ከዚያ ላይ 40 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ለሥራው ነው የሚሰጠው። ደሞዝሽን አስቀንሰሽ ያገኘሽውን ሰዓት ሳይታወቅሽ መልሰሽ በነጻ ትሰጫለሽ ማለት ነው። እኔ ይሄ ያናድደኛል፤ ብዙ ጎበዝ ሴቶች ሲያደርጉት አይቻለሁ። መንገድ ላይ ይቃጠል የነበረው ሰዓት የራስሽ ነው። ኮርስ ተማሪበት፣ ተጨማሪ ገቢ ሥሪበት፣ ወይም ተኝተሽ እደሪበት፤ ብቻ ያንቺ ይሁን። የኔ ጠዋት ጠዋት ለልጆቼ ሄዷል። ገንዘብ አላመጣልኝም። በምንም አልቀይረውም።

ልጅ ያላችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር። «ከቤት ከሠራሁ ሞግዚት አያስፈልገኝም» ብላችሁ ሂሳብ ውስጥ እንዳታስገቡ። ትንሽ ልጅ ይዞ 8 ሰዓት መሥራት አይቻልም። የሚተርፈው የመንገዱ ሰዓት ያህል ነው። ልጁ ዘግይቶ ይሄዳል፣ ቀደም ብሎ ይመለሳል። በሰዓት የምትከፍሉ ከሆነ ይህም ቀላል አይደለም። በወር የምትከፍሉ ከሆነ ግን ምንም አይቀንስም።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ የእህትሽ እንቅልፍ ነገር አሳስቦኛል። አንቺ ስብሰባ ላይ ስታወሪ እሷ ግድግዳው ወዲያ ነው የምትተኛው። የማታ ፈረቃ ሠርቶ ቀን እንቅልፍ ማጣት ከባድ ነው። ሁለታችሁም ከተማረራችሁ ተጨማሪ ክፍል ያለው ቤት መፈለጋችሁ አይቀርም። እሱ ነው ሂሳቡን የሚያፈርሰው። ኪራይ ከተጣራ ደሞዝሽ 30 በመቶ ቢወስድና አንድ ክፍል ሲጨመር ያንቺ ድርሻ በሲሶ ቢያድግ፣ 10 በመቶ ሄደ። በመንገድ ያዳንሽው በሙሉ ለአከራይ ገባ። እህትሽን ዛሬ ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪያት፤ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት።

ሙሉ በሙሉ ከቤት መሥራት በተቃራኒው ራቅ ወዳለና ኪራይ ወደሚቀንስበት ቦታ መሄድንም ይፈቅዳል። ብዙ ገንዘብ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ግን ጋሼ ያሉት ሐረግ በጽሑፍ ከሌለ አልመክርም። ርቀሽ ሄደሽ «ተመለሱ» ቢባል የመንገዱ 45 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ይሆናል።


ቢሮ ይሻለኛል፦

እኔ ከቤት መሥራት ሞክሬ በፈቃዴ ቢሮ የተመለስኩ ነኝ። ስለዚህ ሌላውን ጎን ልናገር፤ በወር ሂሳብ ውስጥ የማይገባ ወጪ ስላለው።

የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሲትሪፕ በሚባል የቻይና የጉዞ ኩባንያ የሠሩት ሙከራ አለ። ከ2010 እስከ 2011 ለ9 ወር ነው የተካሄደው። ፈቃደኛ የሆኑ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች በዕጣ ተከፋፈሉ። ከቤት የሠሩት ምርታቸው በ13 በመቶ ጨመረ። የሚለቁት ሰዎችም በግማሽ ቀነሱ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ይህን ነው። የማይወራው ሌላው ነው። ሥራቸው የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ በሥራቸው ልክ ሲታይ የማደግ ዕድላቸው ቀነሰ። ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ከቤት ከሠሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ዋናው ምክንያት ብቸኝነት ነበር።

በሙከራው ለመግባት ምን ይጠየቅ እንደነበር ደግሞ ልንገርሽ። ቢያንስ 6 ወር የሠራ፣ ቤቱ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ለብቻው የሚሠራበት ክፍል ያለው መሆን አለበት። አንቺ ለብቻው የሆነ ክፍል የለሽም። ያ 13 በመቶ የመጣው ክፍል ካላቸው ሰዎች ነው። ይህን ልብ በዪ።

እድገት ወደ ገንዘብ ሲቀየር ምን ያህል እንደሆነ አስቢው። አንድ እድገት 15 በመቶ ጭማሪ ካለውና በሁለት ዓመት ከዘገየብሽ፣ በሁለት ዓመት የዓመት ደሞዝሽን 30 በመቶ አጣሽ። ያንቺ የ1 በመቶ ትርፍ ይህን ለመሙላት 30 ዓመት ይፈልጋል።

በደሞዝ ቅነሳው ላይ ደግሞ ለድርድር የሚጠቅምሽ ነገር አለ። በ2017 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የወጣ ጥናት ሥራ አመልካቾችን በተግባር ፈትኖ፣ ከቤት የመሥራት አማራጭ ለማግኘት ሰው በአማካይ 8 በመቶ ደሞዝ ለመተው ፈቃደኛ መሆኑን አገኘ። አሠሪሽ የጠየቀሽ 10 ነው። ከአማካዩ በላይ እየጠየቀሽ እንደሆነ እወቂ።


በግል የምሠራ፦

አጭር ነገር ልጨምር። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሰው ከቤት ይሥራ ሲባል በዚያው የቅጥር ውሉን ወደ አገልግሎት ውል ይቀይረዋል። ወረቀቱ ላይ «ሠራተኛ» መባልሽ ቀርቶ «አገልግሎት ሰጪ» ከተባልሽ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የአሠሪው የጡረታ ድርሻና የስንብት ክፍያ ይቀራሉ። ግብርሽንም ራስሽ አስልተሽ ትከፍያለሽ። ያኔ የሚያጣላው 10 በመቶ አይደለም። እኔ ራሴ በግል ስለምሠራ ከድሮ ደሞዜ በጣም ከፍ አድርጌ ነው የማስከፍለው፤ ያለዚያ ኪሳራ ነው።

ሌላው ግብር ነው። «የቤት ቢሮ ወጪ ከግብር ይቀነስልኛል» ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። ይህ ከአገር አገር ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደኔ በግል ለሚሠራ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ2018 ጀምሮ ተቀጣሪ በፌዴራል ግብሩ ላይ ይህን መቀነስ አይችልም፤ በግል የሚሠራ ግን ይችላል። ያለሽበትን ሕግ ሳታጣሪ በሂሳብሽ አታስገቢው።


ፀሐይ መውጫ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የደሞዝ ወረቀቴን አወጣሁ። እንዳሉት ከእጄ የሚጎድለው 9 በመቶ አካባቢ ነው። ውሉ የቅጥር ውል እንደሆነ ይቀጥላል፤ ይህን የሰው ሀብት ክፍል አረጋግጦልኛል። ኬብሉን ሞከርኩት፤ ምስሉ አልተቆራረጠም። ያ አንድ ወጪ ቀነሰልኝ።

እህቴን አነጋገርኳት። «አንቺ ይሻልሻል ካልሽ እችለዋለሁ» አለችኝ። እኔ ግን እንድትችለው አልፈልግም። እንቅልፏን አጥታ ሥራ ስትሄድ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከቤት መሥራቱን ትቼዋለሁ። አሁን ባለው ቤት ቢያንስ አይሆንም።

የሰው ሀብት ክፍል ግን ስጠይቅ ሌላ አማራጭ አነሳ። ሦስት ቀን ቢሮ፣ ሁለት ቀን ከቤት። ቅነሳው 4 በመቶ ይሆናል አሉ። እህቴ በሳምንት ሁለት ቀን ስለምታርፍ እነዚያን ቀናት ብመርጥ እንቅልፏን አልነካባትም። ይህስ እንዴት ይታያችኋል?


ጡረተኛው ሂሳብ ሹም፦

ልጄ፣ ለእህትሽ ማሰብሽን ወድጄዋለሁ። ወደ ቁጥሩ ልግባ።

ግማሽ በግማሽ ሲሆን ሰው ቁጠባውም ግማሽ ይሆናል ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይሆንም። አንዳንድ ወጪ ሙሉ በሙሉ ካልቀረ አይቀንስም። መኪና ያለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቢነዳም መድኑንና የዓመት ክፍያውን ይከፍላል፤ የሚቀርለት ነዳጁ ነው። ያንቺ ደግሞ ቲኬቱ ነው። በወር የምትከፍዪ ከሆነ ሁለት ቀን መቅረትሽ ምንም አያድንሽም። በየጉዞው የምትከፍዪ ከሆነ ከ8ቱ በመቶ 3.2 ይቀርልሻል። ስለዚህ መጀመሪያ የወር ቲኬቱንና የየጉዞውን ዋጋ በሦስት ቀን አስልተሽ አነጻጽሪ።

በየጉዞው ይሁን እንበል። 3.2 ከትራንስፖርት። ከሌላው 4 በመቶ ምናልባት 1 ይቀራል፤ ልብስና ጫማ ለሦስት ቀንም ያው ነውና። ድምሩ 4.2። አዲሱ ወጪ በዚያው ልክ አይወርድም። ወንበሩን ለሁለት ቀንም ትገዢዋለሽ። ኬብሉ ኢንተርኔቱን ስላቀለለልሽ 1 በመቶ እንበለው። 3.2 ይቀርሻል። 4 በመቶ ካልተጣራ ሲቀነስ፣ በቀደመው ምሳሌ ከተጣራው 3.6 ይሆናል። ትንሽ ትከስሪያለሽ። በወር 13 ሰዓት ያህል የመንገድ ጊዜ ታገኛለሽ። ለሱ ስትዪ ብትቀበዪው አልፈርድብሽም። እኔ ግን ከመቀበልሽ በፊት ያለ ቅነሳ ጠይቂ ነው የምልሽ።

ምክንያትም አለሽ። ያ ወንድማችን የጠቀሰው ብሉም በ2024 በኔቸር መጽሔት ሌላ ጥናት አውጥቷል። ያው ኩባንያ ነው፤ አሁን ትሪፕ ዶት ኮም ይባላል። 1,612 ሠራተኞች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ሠሩ፤ ልክ አንቺ የተባልሽው ዓይነት ነው። የሥራ ውጤታቸውም እድገታቸውም በሁለት ዓመት ክትትል አልተጎዳም። የለቀቁት ሰዎች ግን በሲሶ ቀነሱ። ሰው ሲለቅ አዲስ መቅጠርና ማሠልጠን ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሰው ሀብት ክፍል ካንቺ በላይ ያውቃል። በደሞዝ ክፍል ስሠራ ይህን ወጪ በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ሁለት ቀን ከቤት መሥራቴ እናንተን አያስከፍላችሁም፤ እንዲያውም ሰው እንዳይለቅባችሁ ይረዳል» ብትያቸው የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

እምቢ ካሉ ወደ 2 በመቶ አውርዱልኝ በዪ። እሱም ካልሆነ መነሻ ደሞዙ ሳይነካ በተለየ መስመር ይቆረጥ። ሁለቱን ቀናት የምትመርጪው አንቺ መሆንሽም ይጻፍ፤ የእህትሽ ፈረቃ ሲቀየር ቀኑን መቀየር እንድትችዪ።

ረቂቁን ሲሰጡሽ እዚያው ቆመሽ አትፈርሚ። ቤት ይዘሽው ሂጂና «መነሻ ደሞዝ» በሚለው መስመር ፊት ለፊት የተጻፈው ቁጥር የድሮው ይሁን አዲሱ አረጋግጪ። ከፈለግሽ ስምሽንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ሸፍነሽ አንቀጹን እዚህ ጻፊው፤ አብረን እናነበዋለን።